ቢጫው ሹራብ

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። የጮቄ ተራራን ጫፎች በአንድ ቀን ሮጬ ለማዳረስ ስሞክር ይኸው ሦስተኛዬ ነው፤ ዛሬም ከሁለተኛው ጫፍ አላለፍኩም።

ከዚያ ጫፍ ቁልቁል ስሮጥ አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው አዩኝና ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። በእነሱ አገር ትልቅ ሰው እንደዚያ የሚሮጠው መርዶ ሲይዝ ነው። ልጃቸው ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደ ወረደ ወሬው ጠፍቷል።

«እማማ፣ ስፖርት ነው እኮ!» አልኳቸው።

«ሰው በከንቱ እንዲህ አይሮጥም። አትደብቀኝ ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ።»

ሰፈራቸው ኔትወርክ የለም። የልጁን ቁጥር ተቀበልኩና ኔትወርክ ወዳለበት ጫፍ የወረድኩትን ሁሉ መልሼ ወጣሁ። ልጁ ስልኩን ካነሳ ቢጫ ሹራቤን እንዳውለበልብላቸው ተስማምተን ነበር።

ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። እሳቸው ከታች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ያያሉ። ሹራቤን አወለቅኩና አውለበለብኩ። እልልታቸው ላይ ድረስ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ መሮጥ አቃተኝ። ደብረ ማርቆስ በመኪና ገባሁ። እስካሁን እየደወልኩ ነው።

ዝግ ነው።