ሽማግሌው ለምን ዝም አለ

ልጄ ታምራት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ብጀምር አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። ስለዚህ እኛ እንዴት እንደሰነበትን ልንገርህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ሁዳዴ ገባ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ጥቅምት አወጣን። እኔ ጥቁሬን ለውጫለሁ፤ አባትህ ግን ኮቱ ላይ ያስሰፋትን ጥቁር ጨርቅ እስካሁን አላስፈታም፣ እኔም ፍታ አላልኩትም።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ማታ ትምህርት ቤት ስመላለስ ደብተሬን እያየህ «እማዬ፣ ያንቺ ፊደል እርሾ በዝቶበታል» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው፤ ትልልቅ ነው። ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል።

ቤታችን ያው ነው። የግድግዳው ጭቃ በክረምቱ ረግፎ ስለነበር እንደገና አስመረግነው። በአጥሩ በኩል ያለው ኮክ ዘንድሮ ከልኩ በላይ አፍርቶ ለጎረቤት ሁሉ አዳረስን። የቦኖው የውሃ ሰልፍ እንደድሮው ረጅም ነው፤ እዚያም ሴቶቹ ስምህን ሳያነሱ አይውሉም። ቡፌውም አንተ እያለህ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ቴፑም እላዩ ላይ ነው። ሽማግሌውም ከቡፌው ጎን ወለሉ ላይ።

የምጽፍልህ ስለ ሽማግሌው ነው።

ትዝ ይልሃል እሱን የሠራህበት ጊዜ? ከምናለሽ ተራ እንደ ገበቴ የሰፋ እስፒከር ተሸክመህ መጣህ። የእኔን አሮጌ ቁም ሳጥን በር ነቅለህ፣ መጋዝና ሙጫ ይዘህ ቤቱን ሁሉ ሰጋቱራ አደረግከው። እኔ ስቆጣ «እማዬ፣ ትንንሾቹ እስፒከሮች ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚችሉት፤ ወፍራሙን አይችሉም። የአባዬ በገና በነሱ ሲወጣ ትንኝ ነው የሚመስለው» አልከኝ። ሳጥኑ አልቆ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠ ቀን አባትህ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳና «ይኼስ ሽማግሌ ነው፤ የሚናገረው ከሆዱ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሽማግሌው ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ሁዳዴ አባትህን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠህ በገናውን ሲደረድር በካሴት ቀዳኸው። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

አሁን አባትህ በገና አይደረድርም። መርዶህ ከመጣ ወዲህ ግራ እጁ ዛለ። አውታር የሚነካበት እጅ መሆኑን ታውቃለህ። በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራውን እኔ እጠርግለታለሁ። ንግግሩም አነሰ። ሰው ሲመጣ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሰው ሲሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ውሃ እንኳ ስጪኝ ሳይል የሚውልበት ቀን አለ።

እንግዲህ የጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ድንገት ቀና ብሎ «አስናቀች፣ እስቲ ያችን ካሴት» አለኝ። በስንት ጊዜው የፈለገው ነገር ነበር። ቴፑን ወትሮም የምትከፍተው አንተ ስለነበርክ ቆላ ከወረድክ ወዲህ አልተነካም፤ መርዶህ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ደግሞ በጥቁር ጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር፤ ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላም የሚገልጠው ሰው ጠፍቶ ነበር። ገለጥኩት፣ ካሴቱን ከተትኩ፣ ተጫንኩት። ትንንሾቹ ዘመሩ። ሽማግሌው ግን ዝም አለ። የአባትህ በገና እንዳልከው ትንኝ ሆኖ ወጣ።

አባትህ ጥቂት አደመጠና «በቃ ዝጊው። ጆሮዬም ሄዷል ማለት ነው» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጆሮህ አይደለም፣ ዕቃው ነው» አልኩት። አላመነኝም። ልታጽናናኝ ነው ብሎ ነው። ታሜ፣ ያኔ ፈራሁ። እጁ ሄዷል፣ አንተ ሄደሃል፣ አሁን ደግሞ ጆሮዬ ሄዷል ብሎ ካመነ ሌላ ምን ይቀረዋል? ሽማግሌውን ማናገር አለብኝ አልኩ።

አንተ ዕቃ ስትጠግን አጠገብህ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ምን ትለኝ እንደነበር አስታወስኩ። «እማዬ፣ ሰው ሁሉ ከመጨረሻው እየጀመረ ነው ጤነኛ ዕቃ የሚሰብረው። መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥሎ ሽቦውን፣ መጨረሻ ላይ ዕቃውን።» እንደዚያው አደረግኩ። መብራቱ በርቷል። ሌላ ካሴት ከተትኩ፤ ያው ነው። ከሳጥኑ ጀርባ የሚገባውን ሽቦ አጥብቄ ሰካሁት፤ ያው ነው። አይጥ በልቶት እንደሆነ ብዬ የሚታየውን ሽቦ በጣቴ ዳበስኩ፤ ደህና ነው።

ከቤቴል ሰፈር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ለምኜ አመጣሁ። ሰውዬው ጎንበስ እንኳ ሳይል ሳጥኑን በጣቱ አንኳኳና «እማማ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ልውሰደውና ሆዱን ልቀይረው» አለኝ። አባትህ አልጋው ላይ ሆኖ «ይውሰደው» አለ። ያንን ሳጥን ግን የዘጋኸው አንተ ነህ፤ ምስማሮቹን የመታኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ከፍቶ ውስጡን እንዲያየው አልፈለግኩም። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነው ያ ነገር ትዝ ያለኝ። አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ ይዘህ «እይ፣ እስፒከር መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ይህች ትበቃለች። ሁለቱን ሽቦ ላንድ አፍታ አስነኪያት» ብለህ አሳይተኸኝ ነበር። ከእጅ ባትሪያችን አንዱን ድንጋይ አወጣሁ። ከቴፑ የሚመጣውን ሽቦ ከሳጥኑ ጀርባ ነቅዬ፣ ከሽማግሌው ሆድ የሚወጡትን የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ በድንጋዩ ላይና ታች አስነካሁ።

«ዱብ» አለ።

ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። አንተን አርግዤ መጀመሪያ የተንቀሳቀስክ ቀን እንደዚያ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ከውስጥ፣ ዱብ። ዞር ስል አባትህ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ እያየኝ ነው።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት እንጂ! ቤቱ ሲመታ አልሰማም?»

«እንግዲያ ጆሮህ አልሄደም» አልኩት። ወደ ግድግዳው ተመልሶ አልዞረም።

እንግዲህ ሽማግሌው አልሞተም። አባትህም ይሰማል። መሀል ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሽቦውን በቦታው መልሼ ሰካሁትና በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። ቡፌው ጀርባ ይገባል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ፣ ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ስዳብስ፣ ከጎረቤታችን ከየሺ ቤት ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ላይ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። የአምፖል ማብሪያ ናት። በሁለት ምስማር ተመትታለች፣ ሽቦው በእሷ ውስጥ ያልፋል። ጠፍታለች።

እንዳለች አላውቅም ነበር። ጣቴ እላይዋ ላይ ነበረ፤ ግን አልተጫንኳትም። አንተ ያለ ምክንያት ነገር የምታጠፋ ልጅ አይደለህም። ምናልባት የሚቃጠል ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ማብሪያዋ ያለችው በየሺ ግድግዳ በኩል ስለሆነ፣ አንተ በምስማር ስትመታት የሰማችው ነገር ካለ ልጠይቃት ብዬ የሺን ጠራኋት።

የሺ ልጇን አዝላ መጣች። ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምኑን ነው አንቺ?»

«አራስ ቤት ነበርኩ እኮ። ሂሩትን በወለድኩ ሰሞን ያ ሳጥን ዱም ባለ ቁጥር ግድግዳው ይመታል፤ ሕፃኗ ትበረግጋለች። ለታምራት ደጅ ላይ ነገርኩት፤ እየሳቅኩ ነው የነገርኩት፣ ተቆጥቼ አይደለም። ወደ ቆላ ሊሄድ ሲሰናበት መጣና ‹የሺዬ፣ ሽማግሌውንም አብሬ አስተኝቼልሻለሁ። ክርስትና ስታስነሺ ለእማዬ ንገሪያት፣ ከቡፌው ጀርባ ትቀስቅሰው› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«ሂሩት ክርስትና ስትነሳ እናንተ ቤት ድንኳን ተተክሎ ነበር እኮ፣ እትዬ። መርዶው በመጣ በሳምንቱ ነው። እንዴት ብዬ ነው ለቅሶ ቤት ገብቼ ቴፕ ክፈቱ የምለው? ከዚያም ሙት ዓመቱ ይለፍ አልኩ። ካለፈ በኋላ ደግሞ ስሙን ሳነሳው ይብስብሽ ይሆናል እያልኩ... አፌ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ዋጥኩት።»

አልተቆጣኋትም፣ ታሜ። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልናገርም ነበር። አንተ ሕፃን እንዳትነቃ ብለህ አጠፋኸው፤ እሷ ሐዘናችንን አከበረችና ዝም አለች፤ እኛ ደግሞ ለሐዘንህ ብለን ሸፈንነው። አንድም የተበላሸ ነገር የለም። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ብልሽት ስፈልግ ነበር። አንተ ቆላ ወርደህ ለሰፋሪዎች ቤት ስትሠራ ወባ ያዘህ ሲሉኝ፣ አፈርህም እዚያው ሲቀር፣ ከሞትህ በፊት ምን እያሰብክ ነበር ብዬ ብዙ ጠይቄያለሁ። እሱን የሚነግረኝ የለም። ከቤት ስትወጣ ግን ምን እያሰብክ እንደነበር አሁን አወቅኩ። የሰው ሕፃን እንቅልፍ።

«በይ ነገሩ ያለው አንቺ ዘንድ ነው፤ አንቺ ቀስቅሺው» አልኳት። ሂሩትን አወረደቻትና እጇን ቡፌው ጀርባ ሰደደች። ማብሪያዋ ቀጭ አለች። እኔ ካሴቱን ተጫንኩ።

በገናው መጣ። ከወለሉ ነው የመጣው። የቡፌው ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ሂሩት መጀመሪያ ደንግጣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች፤ ቆየት ብላ ሄደችና ሁለት መዳፎቿን ሽማግሌው ላይ ለጥፋ ቆመች። ስትስቅ ጥርሶቿን አየሁ። ለእሷ ብለህ ያስተኛኸው ለእሷ ነቃ። አባትህ እግሩን ከአልጋው አውርዶ ተቀመጠ። ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ጣቶቹ አልደረደሩም፣ እንደዚያ ብዬ አልዋሽህም፤ አመልካች ጣቱ ብቻ አልፎ አልፎ ተነሳ፣ ወደቀ።

መጨረሻው ላይ የረሳሁት ነገር ነበር። በገናው ያበቃና በካሴቱ ውስጥ አባትህ «ታምራት፣ በቃ አጥፋው» ይላል። ከዚያ ቀጭ ይላል። ያ ቀጭ ያለው የአንተ ጣት ነው። ድምፅህ ካሴቱ ላይ የለም፣ ያ ብቻ ነው ያለህ። አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«አስናቀች» አለኝ፣ «መልሺው ወደ መጀመሪያው።»

መለስኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንከፍተዋለን። አባትህ ትናንት ቆሎ ጠየቀኝ፤ ለጾም ጨው የበዛበት ነው ብሎም ተነጫነጨ። ሲነጫነጭ ደስ ያለኝ ያን ዕለት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። የሺ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ለሐምሌ ነው የምትለው። ስትወልድ ማንም ሳይነግረኝ፣ እሷም ሳትጠይቀኝ፣ እኔ ራሴ እጄን ቡፌው ጀርባ ሰድጄ ሽማግሌውን አስተኛዋለሁ። ሕፃኑ ክርስትና የተነሳ ቀን ደግሞ፣ እንግዶቹ እነሱ ቤት ተቀምጠው ሲበሉ፣ ተነስቼ መጥቼ እቀሰቅሰዋለሁ። ምንድነው ይሄ ድምፅ ቢሉ የሺ ትንገራቸው። እዚህ ግድግዳ ማዶ ልጅ በተወለደ ቁጥር፣ እኔ እስካለሁ፣ ያንተን ሥራ አንተ እንደሠራኸው እሠራዋለሁ።

እናትህ
አስናቀች