የሙና ካሴቶች

ጅቡቲ፣ ሆዳን
ሐሙስ ጠዋት

ውድ ወለላ፣

አታውቂኝም። እኔ ግን ሳቅሽን፣ አረማመድሽን፣ ሻይ ስታቀርቢ ግራ እጅሽን ወደ ኋላ ማድረግሽን ሁሉ አውቃለሁ። የምጽፍልሽ ከኻሊዳ ክፍል ነው። ማታ ማታ ደግሞ የምተኛው አንቺ ትተኚባት በነበረችው ጣሪያ ላይ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ምድጃ ውስጥ ነው። ከሙቀቷ የተነሣ ክፍል ብዬ አልጠራትም፤ አንቺም ምድጃ ሳትያት አልቀረሽም።

እንዴት እንዳወቅሁሽ ልንገርሽ። ኻሊዳ ልታገባ ነው። አዎ፣ ያቺ ሁለት ጉንጉን ጸጉር የነበራት ልጅ! ፈረንሳይ አገር ከሄደች ሰንበት ብላለች፤ ሰርጓም እዚያው ነው። የልጅነቴን ቪዲዮ በዲቪዲ ላኩልኝ ብላ እናቷን ወጥራ ያዘቻት። እኔ ድሬዳዋ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ሠርቻለሁ ብዬ አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ነበርና፣ እናቷ መዳም ሰብሪና ከቁም ሳጥን አናት ሁለት ካርቶን ካሴት አውርዳ ፊቴ ዘረገፈችው።

ኮምፒውተሩ የኻሊዳ ነው፤ ከሄደች ወዲህ በጨርቅ ተሸፍኖ የኖረ ሽማግሌ። ለመነሳት ያቃስታል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ክፍሉ ካልቀዘቀዘለት ደግሞ ሥራው መሐል ድርግም ይላል። በዚህ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወር ኤሲ ከፍቼ ለመቀመጥ ሰበብ ያገኘሁት በእሱ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። መዳም ግን አንድ ነገር አታውቅም። ካሴት እንደ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አይደረግም። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር እስኪገለበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ መጫወት አለበት፤ አንድ ሰውም ፊቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። ለእሷ የሚታያት ኬኩና ሻማው ነው። ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ላለውማ ማን ያስባል፤ የቀረው ካሴት ሁሉ ኻሊዳ ካሜራዋን አንጠልጥላ ቤቱን ስትዞር የቀረጸችው ነው። እሱን የቤቱ ሰው አንድም ቀን ዞሮ አላየውም። አንቺ ያለሽው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያወቅሁሽ በስም ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ ሳጥፍ "ሙና!" የሚል የመዳምን ጥሪ ሰማሁና "አቤት" ብዬ ብድግ አልኩ። ለካ የምትጣራው ከካሴቱ ውስጥ ነው። የተጠራሽው አንቺ ነሽ። እኔም ሙና ነኝ፤ በመጣሁ ዕለት "ስምሽ ለምላስ ይከብዳል" ብላ ያወጣችልኝ ነው። ለእኔ ብላ ያወጣችው መስሎኝ ነበር። ስሙ የቤቱ ነው፤ እንደ መጥረጊያው ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ይተላለፋል። ከአንቺ በኋላ ባሉት ካሴቶች ላይ ያለችውንም ቀጭን ሠራተኛ ሙና ነው የምትላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሴቱ በተጣራ ቁጥር እግሬ ቀድሞኝ ይነሳል። በራሴ ስቄ እንደገና እቀመጣለሁ።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት አገሬ ልግባ ብዬ ጠየቅሁ። ድሬዳዋ እናቴ ጋ የተውኳት ልጅ አለችኝ። የወተት ጥርሷ ሲነቀል አልነበርኩም፤ ትምህርት ቤት ስትገባ እንኳ እጇን ይዤ ልውሰዳት አልኩ። መዳም ታኮርፋለች ብዬ ስጠብቅ አቅፋ ሳመችኝ። ወንድሟ ሙክታር፣ ከወደቡ ዕቃ ጭነው ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ መኪኖች ያሉት ሰውዬ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጥቶ ራሱ ያደርሰኛል አለችኝ። ፓስፖርቴም እሱ ዘንድ ነው። በዚያው ቀን ሻንጣ ሰጠችኝ፤ ጥቁር ቀይ፣ ዚፑ አጠገብ ተቀዶ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ። የማን እጅ ነው እንዲህ ጥንቅቅ ያለው ብዬ ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ደስታዬን አትጠይቂኝ፤ ያን ቀን ወጥ ሳላሳርር መዋሌም ተአምር ነው።

በማግስቱ ካሴት ስገለብጥ ያን ሻንጣ ጭንሽ ላይ አየሁት። ኻሊዳ ካሜራዋን አፍንጫሽ ድረስ አስጠግታ ትቀልድብሻለች፤ አንቺ አቀርቅረሽ ትሰፊያለሽ፤ ክሩ አረንጓዴ ነው። ቀና አልሽና፣ "ሙና አይደለሁም፤ ወለላ በይኝ" አልሻት። ልጅቷ ደጋግማ "ወለላ፣ ወለላ" አለችሽ፣ ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥላልኝ ሄዳ ነው እንጂ አልኩ፣ እግዜር ይስጣት።

የስንብትሽ ካሴት ሲመጣ ግን ሳቄ ቀረ። በሩ ላይ ቆመሻል፤ መዳም አዲስ ሻሽ ታስርልሻለች፤ ኻሊዳ እያለቀሰች ስለምትቀርጽ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከውጭ የመኪና ክላክስ ሁለቴ አጭር አጭር ይላል። ሙክታር ነው። ሻንጣሽን ተቀብሎ ከነጯ መኪናው ኋላ ወረወረው። ኻሊዳን "እናቴ ጋ ስደርስ እደውልልሻለሁ" አልሻት። ሻንጣውን ይዘሽ ሄደሽ ነበር ማለት ነው። ሌላ ካሴት ጨመርኩ። ቀጭኗ ሙና በሩ ላይ ቆማለች፤ እሷም አዲስ ሻሽ፤ ክላክሱም ሁለቴ። እጇ ላይ ያለውን ሳይ ክው አልኩ። ምስሉን አቆምኩና ዓይኔን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አየሁ፤ አረንጓዴው ክር ነው። ወለላዬ፣ ሁለታችሁም በዚያ ሻንጣ ሄዳችኋል። ሻንጣው ግን አሁን እግሬ ሥር ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ እንጀራውን የበላሁበትን ቤት በክፉ ማሰብ ይከብደኛል። ስለዚህ መዳም ለራት ሩዝ ስትለቅም እንደ ዋዛ ጠየቅኋት፤ ይህን ሻንጣ የሰፋችው ልጅ የት ደረሰች አልኩ። አማርኛውን ከእኛ ከሙናዎቹ ለምዳዋለች።

"ሙና? አገሯ ገብታ አገባች።"

"ሻንጣዋስ፣ መዳም?"

"ሙክታር መልሶ አመጣው። አያስፈልጋትም አለኝ።"

እጇ ሩዙን መልቀም አላቆመም። ታውቅ ይሆን ወይስ ማወቅ አትፈልግ ይሆን፣ እስካሁን አልለየሁም። አገሩ የሚገባ ሰው ልብሱን በምን ይዞ ይገባል? ከአንቺ በኋላ ባሉት ካሴቶች ላይ ኻሊዳ እናቷን "ወለላ ደወለች?" እያለች ስትጠይቅ ትሰማለች። መዳም ሥራ በዝቶባት ነው ትላታለች። እየቆየች ልጅቷም መጠየቋን ተወች።

ጮኼ ማንን ልጥራ? ስልክ የለኝም፤ የግቢው በር ይቆለፋል፤ የምወጣው ገበያ ሲልኩኝ ብቻ ነው። ያለኝ ዘመድ ይሄ የሚያቃስት ኮምፒውተር ነው። እሱም አላሳፈረኝም። የኻሊዳን ልደቶች በተርታ ደረደርኩ፤ ከመጨረሻው ኬክ በኋላ ትንሽ ጨለማ ተውኩና አንቺን አስገባሁ። ስትሰፊ፣ ከዚያ ስትሰናበቺ፣ ከዚያ ቀጭኗ ስትሰናበት፣ ከዚያ ያ ስፌት ጎልቶ። መዳም መጀመሪያውን አይታ እንባዋ መጣ፤ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝና አጠፋችው። በሚያምር ወረቀት ጠቅልላ ወደ ፈረንሳይ ለምትበር ዘመዷ በገዛ እጇ ሰጠቻት። ማክሰኞ ሄዷል። ሰው የራሱን ኬክ አይቶ ሲጨርስ ይዘጋዋል፤ የምፈራው እሱን ነው። ኻሊዳ ግን አንቺን ስታይ ታውቅሻለች፤ ስምሽን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ለራሴም ዘዴ ፈልጌያለሁ። መዳም ለዘመዶቿ ተጨማሪ ቅጂ አዝዛኝ ነበር። ባዶዎቹን ዲስኮች ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ አበላሸኋቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ ሶኬቱን መንቀል ነው፣ ዲስኩ አለቀለት። መብራት ሄዶብኝ ነው አልኳት። ጅቡቲ ውስጥ በዚህ ሙቀት መብራት ሄደ ያለችን ሴት ማን ይጠረጥራታል? አጉረመረመችና ሌላ ዲስክ ከማዕከላዊ ገበያ ገዝተሽ ትመጫለሽ፣ ጥቂት ቆይቼ እጠራሻለሁ አለችኝ። ገበያው ውስጥ ሲምቦ የምትባል አትክልት ሻጭ ያገራችን ሴት አለች፤ ከጨነቀሽ ወደ እኔ ነይ፣ የሚያሳድርሽ አላጣም ብላኝ ታውቃለች። ዲስክ ልገዛ እወጣለሁ፤ አልመለስም። ከመበላሸት ያተረፍኳትን አንዷን ቅጂ ከቀሚሴ ገበር ውስጥ አድርጌያታለሁ።

ሳይሆንልኝ ቢቀርስ? እሱንም አስቤበታለሁ። ሻንጣውን ከጣሪያው ይዤው የወረድኩት ለዚህ ነው። ይህን ደብዳቤ ከገበሩ ውስጥ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ያለሽበትን አላውቅም፣ ለአንቺ መላኪያ የለኝም፤ ይህ ሻንጣ ግን ወደዚህ ቤት መመለስ ያውቅበታል። ከእኔ በኋላ ሌላ ሙና ትመጣለች፤ ሻንጣውን ይሰጧታል፤ ስፌቱን ትዳስሰዋለች። በሕይወት ካለሽ ይቅርታሽን፣ እንዲህ እንደ ሙት አወራሁብሽ። ከሌለሽም እሷን ጠብቂልኝ፤ እዚያ መኪና ላይ እንዳትወጣ ልቧን ከበድ አድርጊባት።

መርፌው ውስጥ ክሩን አስገብቻለሁ። ጥቂት ነው የቀረኝ።

ከውጭ ክላክስ ተሰማ። ሁለቴ፣ አጭር አጭር። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወለላ። የተባለው ዓርብ ነበር።

"ሙና!"

መዳም ናት፣ ከታች። ብድግ አልኩና እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩን አየሁት። ጠፍቷል፤ ክላክሱም ጥሪውም የዛሬው ከካሴት አይደለም።

ወለላ ሆይ፣ ስምሽን እኔ ይዤልሻለሁ፤ የእኔንም አንቺ ያዢልኝ።

ትርሲት ነኝ።