የወለላ ጉበትና የእኔ ስኳር

ጥቅምት 4 ቀን 2007

ማስታወቂያ። የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛው ተነስቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ እንዲሰፍር ከዛሬ ጀምሮ ተወስኗል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በቤቱ ያለው ድምፅ አንድ ነው።

ሌላ የተለየ ነገር የለም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከዛፌ ሥር፣ አራት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስቱ የመሬት ወሰን፣ አንዱ የፍቺ። ቆቦ ይሞቃል። ውሃ ጥሙ ግን የሙቀት ብቻ ነው? ሽንት ቤት ስመላለስ ባለጉዳዮቼ ተሰልፈው ጠበቁኝ።

ጥቅምት 7

ጤና ጣቢያ። ሲስተር ጽገረዳ ጣቴን ወጋችና ቁጥሩን ሁለቴ አየችው።

"ጋሼ አላምረው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።"

"ማለፊያው ስንት ነው?"

አልሳቀችም። ጉበት ከተተካልኝ ሁለት ዓመቴ። ሰውነቴ የሰው ጉበት ነው ብሎ እንዳያባርረው የምውጠው ኪኒን አንዳንዱ ሰው ላይ ስኳር ያመጣል አለች። "ኪኒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ። ስኳሩ ካልወረደ ግን አዲሱ ጉበት ስብ ይይዛል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ቁስል አልድንም ይላል።" የስኳር መድኃኒት ሰጠችኝ። ከህንድ ያመጣሁት መለኪያ መሳቢያ ውስጥ አለ። በየጠዋቱ ለካ ተብያለሁ።

ጥቅምት 11

ወለላ ከጎብዬ ደወለች። ታናሽ እህቴ። ህንድ ድረስ አብራኝ ሄዳ ጉበቷን ያካፈለችኝ።

"ጉበቴ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።"

ስለ ስኳሩ ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራት የተበላሸ ሰጠሁት ብላ ስታለቅስ ልትከርም ነው። ይመዝገብልኝ፦ የደበቅኩት ለእሷ ስል ነው።

ጥቅምት 19

ከወዳጄ ከሰናይ ልጅ ሠርግ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንትም ለቅሶ ቤት ደጅ ቆሜ ተመለስኩ። ሰው ቤት ከገባህ ትበላለህ። አልበላም ካልክ ተጣልተሃል። አሞኛል ካልክ ደግሞ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ጎብዬ ይገባል። ስለዚህ ኩሩ መባልን መረጥኩ።

ጎረቤቴ ትርንጎ በአጥር ወዲያ ስታወራ ሰማኋት። "ህንድ ደርሶ ከመጣ ወዲህ የእኛን ምግብ ናቀ።" ህንድ የበላሁት በመርፌ ነበር...

ምሳ፦ ጎመን። ተጋባዥ፦ የለም።

ጥቅምት 22

ግራ ተረከዜን ጫማ ልጦታል። ትንሽ ነው።

ጥቅምት 25

ወለላ ሳትነግረኝ መጣች። ጠፋህ ብላ። ሙሉ ጣሳ ማር ይዛ።

"ከስተሃል። ቅመስ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"ምን በልተህ? ድስትህ እንደሆነ ደርቋል።"

"ቆየት ብዬ..."

"በሞቴ።"

ሌላው ሰው በሞቴ ሲል ወግ ነው። እሷ ስትል ማስረጃ አላት፤ ሆዷ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰፍቷል። ምን ልበል? በእጇ አጎረሰችኝ። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ስትሄድ ጣሳውን ትታ "በየጠዋቱ ሁለት፣ በሞቴ" አለች።

ኅዳር 3

በእሷ ሞት የተባለውን እንዴት ላፍርስ? ማሩ ተጋምሷል። መለኪያውን ከመሳቢያ አላወጣሁም። ያልተለካ ነገር በሕግ ፊት የለም። እግሬ ግን አብጧል።

ኅዳር 8

ወልድያ፣ ሆስፒታል። ትኩሳት ጣለኝ፤ ሲስተር ጽገረዳ ናት በአምቡላንስ የላከችኝ። ተረከዜ አመርቅዟል። ስኳሩ አራት መቶ አልፏል። የጉበቱ ምርመራም ጥሩ አይደለም።

"ጉበቱ ይሄዳል ማለት ነው?" አልኩት ሐኪሙን።

"ስኳሩንና ቁስሉን ቶሎ ከያዝን፣ ላይሄድ ይችላል።"

ላይሄድ ይችላል... ለባለጉዳይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሰጥቼ አላውቅም።

አስታማሚህ ማን ነው ተባልኩ። በየአልጋው ግርጌ ሰው ተቀምጧል። በእኔ ግርጌ ጫማዬ ነው ያለው። ለወለላ ደወልኩላት።

"ስኳር አለብኝ። ያመጣው ኪኒኑ ነው፣ ያንቺ ጉበት አይደለም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥቅምት መጀመሪያ።"

"ማሩን ሳጎርስህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"በገዛ እጄ የገዛ ጉበቴን? ለማን ብለህ?"

"ላንቺ ብዬ።"

ዘጋችው።

ኅዳር 12

ኢንሱሊን፣ ጠዋትና ማታ። አልደወለችም። ስደውል አታነሳም።

ኅዳር 19

ቆቦ ገባሁ። ቁስሉ እየደረቀ ነው። የጉበቱም ውጤት ተሻሽሏል። ደስታውን ለማን ልንገር? ስልኩ እንደሆነ አይነሳም። ትርንጎን አጥር ላይ ጠራኋትና ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

"አንተ ሰው፣ እኛኮ ምን በደልነው እያልን ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ያለ ስኳር ሻይ ላከችልኝ። ያስጠላል። ጨረስኩት።

ኅዳር 27

ወለላ መጣች። እጇ ባዶ። ሰላምታም የለ። መዳፏን ዘረጋች፤ መለኪያውን ሰጠኋት። ጣቴን ራሷ ወጋችው፣ ከሚያስፈልገው ጠለቅ አድርጋ። መቶ አርባ ስድስት።

"ጻፈው።"

ጻፍኩት።

"በእኔ አታሳብብ" አለች። "አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ምን ሆነህ ነው?"

የስንቱን አቤቱታ የጻፍኩ ሰው፣ የብዕሬን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ትመለሳለች? አላለችም።

እርማት። ጥቅምት 11 ቀን 2007 በዚህ ደብተር ላይ "የደበቅኩት ለእሷ ስል ነው" ተብሎ የሰፈረው ቃል ከእውነት የራቀ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዞ፣ "የሰጠችኝን መጠበቅ አቅቶኝ ፊቷን ማየት ስለፈራሁ ነው" በሚል ተተክቶ እንዲነበብ።

ግልባጭ፦
ለወለላ፣ ጎብዬ