ገንዳው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ እንድሪስ፣

እንዴት ሰነበትክ? አባትህስ ተሻላቸው? ደብዳቤ ሲጻፍ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ እኔ ግን ደህና ስላልሆንኩ ይህችን ልዝለላት። ወረቀቱን የቢስቲማው ሚኒባስ ሾፌር ደጉ ነገ ጠዋት ይሰጥሃል። እባክህ ሰው ፊት አትክፈተው። ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ቢስቲማ ያለው ስልክ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ የሚወራ ነገር አይደለም።

ረቡዕ ደሴ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሳሉ ያዘኝና ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት ከፈተ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተላላፊ በሽታ ያለብኝ መስሏቸው ነው፤ «የፋብሪካ ጭስ ነው እናቴ፣ አይጋባም» ልላቸው ብዬ ትንፋሽ አጠረኝ። ሐኪሙ ጀርባዬን ሲያዳምጥ ቆየና ሳንባዬ እንደተጎዳ፣ የሚመረመርበት መሣሪያ ደሴ እንደሌለ፣ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ። «ብትቆዪ እየባሰብሽ ነው የሚሄደው። ግን ሕክምናው ረጅም ነው፤ በራስሽ አትችይውም። የሥራ ላይ ጉዳት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፋብሪካሽ አምጪ» አለኝ። ሪፈሩን ጽፎልኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ያለ ፋብሪካው ደብዳቤ ምንም አይሠራም።

ፋብሪካው ደብዳቤውን ለምን እንደማይሰጠኝ አንተም እኔም እናውቃለን። አንዳንዴ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ለራሴ ካልነገርኩት ውሸቱ እውነት ይመስለኛል። ስለዚህ ታገሠኝና ልጻፈው።

ኅዳር 8፣ ዓርብ ነበር። እንደ ወትሮው ጁምዓ ልትሰግድ ስትወጣ ክሩ የሚነጣበትን ገንዳ ለእኔ ትተህልኝ ሄድክ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው፤ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ያህል እኔ ያንተን ገንዳ እጠብቃለሁ፣ በማርያምና በሚካኤል ጠዋት አንተ የእኔን ማድረቂያ ትጠብቃለህ። መከታተያው ወረቀት ላይ እኔ በአንተ ስም እፈርማለሁ፣ አንተ በእኔ። ፊርማህን ከአንተ የበለጠ አሳምሬ እንደምፈርመው ስትነግረኝ «ደመወዝህንም እኔ ልፈርምልህ» እልህ ነበር። ፎርማናችን ደሳለው ሁሉንም ያውቃል፤ ቀርቦ ግን አንድም ቀን አልጠየቀንም። ሥራው እስካልቆመ ድረስ ምን ቸገረው።

በረኪናውና አሲዱ የሚመጡት በአንድ ዓይነት ቢጫ ጀሪካን መሆኑን ስንት ጊዜ ተናግረናል። ጽሑፉ በእጅ ላብና በውኃ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። አንተ ነህ መላ የፈጠርከው፤ አሲድ ከግምጃ ቤት በመጣ ቁጥር እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስርበት ነበር። ክር ያለው አሲድ ነው፣ ክር የሌለው በረኪና ነው፤ በቃ፣ ክፍሉ በሙሉ የሚሠራው በዚህ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እንኳ መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንኑ ነበር።

ያን ዕለት ገንዳው ውስጥ ያለው በረኪና ሲያንስ ጨመርኩበት። ካነሣሁት ጀሪካን ላይ ክር አልነበረም፤ ለካ አሲድ ኖሯል። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሽታው አልለየልኝም። መጀመሪያ የታየኝ ከገንዳው ላይ የተነሣ ቢጫ አረንጓዴ ጢስ ነው። ከዚያ በኋላ ደረቴ ውስጥ እሳት ገባ፤ ዓይኔ ጠፋ። የማስታውሰው አንተ በብብቴ ይዘህ ስትጎትተኝና «አብሽሪ ሰርኬ፣ አብሽሪ» ስትለኝ ብቻ ነው። ከመስጊድ የተመለስከው ያን ጊዜ ባይሆን ዛሬ ልጄ ነፃነት እኅቴ ዘንድ ገራዶ ነበር የምትኖረው።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ይስማው አልጋዬ ድረስ መጥቶ «ገንዳው ላይ ማን ነበር?» ሲለኝ «እንድሪስ ነበር፤ እኔ ውኃ ልቀዳ ሳልፍ ነው» አልኩት። አንተም ስትጠየቅ የእኔን ቃል ይዘህ «ባልዲ ላመጣ ዞር ባልኩበት ነው» ብለህ ፈረምክ። ዘሐራ ሰምታ፣ ባሌን ከመባረር አዳንሽው ብላ፣ ለሳልሽ ይሆናል ብላ ማር ይዛልኝ መጣች። እጄን ይዛ አለቀሰች። «አላህ ይክፈልሽ፣ ሐቂቃ እኅት ማለት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ማሩን ተቀበልኩ።

እንድሪስ፣ ለአንተ ብዬ አልነበረም። በሰው ስም የፈረመ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል የሚለው ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ የለ? ያን ሰዓት የታየኝ እሱ ነው። የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አንተ ትዝ ያልከኝ በኋላ ነው። ማሩን ነፃነት ናት የጨረሰችው፤ እኔ አልቀመስኩትም።

ውሸቱ መልሶ እኔኑ ያዘኝ። ፋብሪካው አሁን የሚለው «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታዋ ተነሥታ ወደማይመለከታት ክፍል በመግባቷ የደረሰ ነው» ነው። መከታተያው ወረቀት ላይ ያለው ስም ያንተ ነው፤ የተጎዳው ሳንባ የእኔ። ያኑ ረቡዕ ከሐኪም ቤት ወጥቼ ደሴ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ አንዲት ወይዘሮ አነጋገርኩ። ስማቸው ያለምወርቅ ነው፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የሆነውን ሁሉ፣ ፊርማውን ጭምር፣ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ በሥራ ሰዓት በፋብሪካው ገንዳ ላይ የፋብሪካውን ሥራ ስትሠሪ ነው የተጎዳሽው። የፊርማው ጥፋት ሌላ፣ ሕክምናው ሌላ። እውነቱን ተናገሪ፣ አብሮሽ የነበረውም ያረጋግጥልሽ» አሉኝ። ጉዳዬን የሚያየው የፋብሪካው ኮሚቴ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ከቢሮው እሳቸው ራሳቸው ይገኛሉ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ እውነቱን ተናግሬ የመጣውን መቀበል። ሐሙስ ከሰዓት አቶ ይስማው ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ስቦልኝ፣ ስለ ነፃነት ትምህርት ሁሉ ጠየቀኝ። እንዲህ ሲለሰልስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ አንድ የተተየበ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። እንድሪስ በግዴለሽነት አሲድ በረኪና ውስጥ ጨምሮ ገንዳውን ጥሎ ሄደ፣ እኔ በዚያ ሳልፍ ተጎዳሁ ይላል። «ይህን ከፈረምሽ ጉዳቱ በባልደረባ ጥፋት የደረሰ ይሆናል። ደብዳቤሽን የዚያኑ ዕለት እሰጥሻለሁ፤ በሳምንቱ አዲስ አበባ ነሽ» አለኝ።

«እንድሪስስ?» አልኩት።

«እሱማ ባባቱ ምክንያት ከሄደ ወር አለፈው። ይመለሳል ብለሽ ነው?»

ስለ ጀሪካኑ፣ ጽሑፍ ስለሌለው ጀሪካን፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል የለም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አንተ ጥፋተኛ ከሆንክ ፋብሪካው ንጹሕ ነው፤ ነገም ሌላ ሰው በዚያው ጀሪካን ይሠራል።

ታዲያ ምን ብዬ መለስኩለት መሰለህ? ወረቀቱን ፊቱ ላይ ቀድጄ ጣልኩት ብልህ ደስ ባለኝ። «እስከ ማክሰኞ ላስብበት» ነው ያልኩት። ሁለት ሌሊት አሰብኩ። ሳስብ ደግሞ የመጣብኝን አልደብቅህም፤ ተናደድኩብህ። ያን ዕለት አዲሱ አሲድ ከግምጃ ቤት የመጣው አንተ ልትወጣ ስትል ነው። ሰዓት ደርሶብህ ክሩን ሳታስር ሄድክ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤ፣ ስትጠይቀኝ ስስቅልህ ነበር። አንተም ታውቀዋለህ፤ ልጠይቅሽ ብለህ በመጣህ ቁጥር ዓይኔን እያየህ አትናገርም ነበር። እንግዲህ ተባለ። ያንተ ጥፋት አንዲት ክር ናት፣ የእኔም ሳያሸቱ መጨመር ነው፤ የእነሱ ግን ሁለት መርዝ በአንድ ዓይነት ዕቃ አምጥቶ ሕይወታችንን በክር ላይ ማንጠልጠል ነው። ይህን አውቄ እንኳ ወረቀቱን ሳስበው አንዳንዴ እውነት ይመስለኛል።

ትናንት ነፃነት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ከግቢው በር እስከ ቤታችን ያሉትን አምስት ደረጃዎች በአንድ ጊዜ መውጣት አልቻልኩም። ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ትንፋሽ እስክታገኝ መጠበቅን ልማድ አድርጋዋለች።

ማክሰኞ ብትመጣ ሊያባርሩህ እንደሚችሉ አውቃለሁ። አራት ልጆች አሉህ፣ አባትህ አልጋ ላይ ናቸው፤ እኔንም ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ «እንሟገትላችኋለን» ብለዋል፤ ግን የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ እሳቸውም አልደበቁኝም። አባትህን ጥለህ መውጣት ካልቻልክ አልቀየምህም። ደጉ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቢስቲማ ሲመለስ መቀመጫ ይይዝልሃል፤ ነግሬዋለሁ።

ና የምልህ ምስክር ሁነኝ ብዬ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ አቶ ይስማው ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እስክሪብቶም አጠገቡ። ሳሌ ይነሣል። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትታየኛለች። አንተ ቢስቲማ ከሆንክ እንድፈርም እፈራለሁ እንድሪስ፤ ክፉ ሆኜ ሳይሆን መተንፈስ ፈልጌ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እያየኸኝ ግን እጄ አይነሣም። ስለዚህ ና፣ ከእኔው አድነኝ።

አባትህን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ዱዓ አድርግልኝ።

እኅትህ
ሰርካዲስ