የአባዬ ከዘራ ጎማ

ጥር 6
ገበያው ደህና ነው። የቧንቧ ዕቃው ገባ። የአባዬን ከዘራ ጫፍ ጎማ ቀየርኩ፤ በሦስት ወር ይጨርሰዋል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ ከቤት እስከ ሱቄ በእግሩ ይመጣል። ባጃጅ በስድስት ደቂቃ የሚጨርሰው መንገድ ለእሱ አንድ ሰዓት ነው። ምን ሲያደርግ ይሆን?

ጥር 14
ለቅሶ ቤት። የእድራችን ሰብሳቢ ዘመድኩን ሰው ፊት፣ «ሱቅህ እስከ ጣራው ሞልቷል፤ ሽማግሌው የቡታጅራን አቧራ በከዘራ ይለካል» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... አልተዋጠልኝም።

ጥር 16
ከባለ ባጃጁ ዑመይር ጋር ተዋዋልኩ። ጠዋት ማምጣት፣ ከሰዓት መመለስ።
«እግር አለኝ እኮ» አለ አባዬ።
«ሰው ምን ይለኛል? ይረፍ እግርህ።»
«ያረፈ እግር ምን ይሆናል፣ ልጄ?»
ደንበኛ መጣ። ቧንቧ ላወርድለት ዞርኩ።

መጋቢት 3
ዘመድኩን «አባትህን አሳረፍክ» ብሎ ሰው ፊት መረቀኝ። ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 20
ዑመይር አባዬን በብብቱ ደግፎ አወረደው። የሱቄ ደረጃ ሁለት ብቻ ነው። አባዬ ግድግዳ ይዞ ወጣ። ያላየ መሰልኩ።

ግንቦት 9
ከሽንት ቤት ሲመለስ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ አልተሰበረም። ማስተዋል የምትባለው ነርስ ጭኑን ጫን ጫን አደረገችው።
«አባባ በፊት ይሄዱ ነበር?»
«በየቀኑ።»
«ታዲያ ማን አስቀመጣቸው?»
የደም ግፊቱም ጨምሯል። «ምን ልግዛለት?» አልኳት።
«የሚገዛ አይደለም። ቀስ እያላችሁ አለማምዷቸው። ግን በዚህ ዕድሜ የሄደ ጉልበት ሁሉ አይመለስም።»
ሃያ ስድስት ዓመት ነግጃለሁ። የማይገዛ ነገር ሲያጋጥመኝ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

ግንቦት 23
ዑመይርን አሰናበትኩ። በየጠዋቱ አባዬን ይዤ ከአልጋው እስከ በሩ... አሥራ አራት እርምጃ። ዛሬ ሰባተኛው ላይ ቆመ። «እግሬ ረስቶኛል» አለ። ተሸክሜ መለስኩት። ቀላል ነው። መቼ እንዲህ ቀለለ?

ሰኔ 11
በእሱ መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ጎመን ሻጯ አሚኔ ጋ የተገለበጠ ሣጥን አለ። «የአባባ መቀመጫ ነው፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥም። መቼ ይመጣሉ?» አለችኝ። ልብስ ሰፊው ሰይዶ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «አንተ! ሰውዬውን የት ደበቅኸው? የሚሰድበኝ አጣሁ!» አለ። ስምንት ቦታ አስቆሙኝ። ለሁሉም «ደህና ነው» አልኩ።
ሱቅ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ሰኔ 12
ከዘራውን ከጥግ አነሳሁ። ጎማውን ካደረግሁለት አምስት ወር ሆኖታል። ገልብጬ አየሁት... ጠርዙ እንኳ ገና አልተበላም።
አባዬ ከአልጋው ሆኖ ያየኛል።
«አለቀ?»
«አልቋል፣ አባዬ።»
አወለቅሁት። አዲስ ቆርጬ አደረግሁለት።