የወንድሜ ዘፈን በእትዬ ኦፌሊያ ቤት

ዴልፊን፣

የሟቹን ወንድሜን የሳልቪንን ዕቃ ልሰበስብ ማኒላ መጥቻለሁ። ትናንት ምሳ የበላሁት እሱ ዘፈኖቹን ይደርስበት በነበረው በእትዬ ኦፌሊያ ምግብ ቤት ነው። እኛ ደሴት ጊማራስ ግጥሙን በስክሪን የሚያሳየው የካራኦኬ ማሽን ሲከፈት ሁሉም ይንጫጫል፤ እዚህ ግን የሱ ዘፈን ሲመጣ የደራሲው ስም ከስክሪኑ ላይ እስኪያልፍ ሁሉም ማንኪያውን ያስቀምጣል።

እትዬ ኦፌሊያ ማይኩን ሰጡኝ። አዝማቹን ዘፈንኩት። ከዚያ ሁለተኛው ግጥም መጣ፤ ቃላቱ ፊቴ ይታያሉ፣ ዜማውን ግን አላውቀውም።

«አንተ ልጅ፣ ወንድሙ ነህ ወይስ አከራዩ?» አለ አንድ ሹፌር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ተወው እንጂ!» አሉ እትዬ ኦፌሊያ። «በጎርፉ ጊዜ ሳልቪን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያወጣው ሕፃን እኮ ይሄ ነው። ሁለተኛው ግጥም የተጻፈው ስለሱ ነው።»

እኔ ለሴት የጻፈው መስሎኝ ሁልጊዜ አዝማቹ ሲያልቅ ነበር ዘፈኑን የማጠፋው። የማያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ በቃላቸው ሲዘፍኑ፣ ማይኩን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህንና ትንሿን ሎይዳን ሳምልኝ። በአርባው ጸሎት ላይ እማዬ እንድዘፍነው ትፈልጋለች። አጠገቤ ቁም፤ ድምፄ ቢጠፋ ግን አንተ እንዳትቀጥልልኝ፤ እኔው እጨርሰዋለሁ።

ኔስቶር