ሕመማቸውን መለካት ያቃታቸው የጋሽ ሚሊሜትር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ሚሊሜትር» የሚሏቸው መስታወት ገጣሚ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ከእሳቸው ቀጥላ የተወለደችው እህታቸው ናት። እናታቸው ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ሰው ፊት ማማረር ነውር እንደሆነ አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይህን ትምህርት ቶሎ ረሱት። እሳቸው ግን ድዳቸው አብጦ ጉንጫቸው ሎሚ አህሎ እንኳ፣ እንግዳ «እንደምን ነህ?» ሲላቸው «ደህና» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ካጠናቀቁ በኋላ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። በአንድ የመስታወት ድርጅት ተቀጥረው የሱቅ መስኮት፣ የሆስፒታል በር፣ የደረጃ መከለያ ሲገጥሙ ኖሩ። አንድ ሚሊሜትር ከተዛነፈ አያልፉም፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ደንበኛ ቢቆጣ፣ አለቃ ቢለማመጥ፣ መስታወቱን መልሰው መኪናው ላይ ይጭኑታል። በ1978 ዓ.ም. ከአንዲት የሂሳብ መምህርት ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1995 ዓ.ም. ትልቅ የሱቅ መስታወት ተሸክመው ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው። መስታወቱን አልለቅም ብለው በጀርባቸው ወደቁ። መስታወቱን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ የባለሱቁም ምስጋና ብዙ ነበር። ጀርባቸው ግን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልዳነም። ከወገባቸው እስከ እግር ጣታቸው እንደ እሳት ይለበልባቸው ነበር። የሚውጡት ክኒንም ሕመሙን ትቶ እሳቸውን ያደነዝዛቸዋል፤ ማንኪያ እንደያዙ እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

ያኔ ስለ ፓምፑ ተነገራቸው። ከሆድ ቆዳ ሥር የምትቀበር ክብ ዕቃ ናት፤ በቀጭን ቱቦ አድርጋ መድኃኒቱን በቀጥታ አከርካሪ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ስለዚህ እጅግ ጥቂቱ ይበቃል፣ አእምሮም ብዙ አይደነዝዝም። አስቀድሞ ግን የሙከራ መርፌ አለ። ከመርፌው በፊትና በኋላ ሕመሙ ከዐሥር ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፤ በግማሽ ካልቀነሰ ፓምፕ የለም።

ጋሽ ሚሊሜትር ለዚያ ቀጠሮ ኮት ለበሱ፣ ፂማቸውን ተላጩ፣ ከታክሲው እስከ በሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀጥ ብለው ገቡ። ሲጠየቁ «ኧረ ደህና ነኝ፤ ሦስት ቢሆን ነው» አሉ። ተወጉ። ከሰዓታት በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ «ሁለት» አሉ። መርፌው ለውጥ አላመጣም ተብሎ ተሰናበቱ። መስታወት ላይ የፀጉር ያህል ስህተት የማያሳልፉ ሰው የራሳቸውን ሕመም በግምት ለኩት! ባለቤታቸው ታክሲ ውስጥ «ሌሊቱን ሙሉ ትራስ የምትነክሰው ለሦስት ነው እንዴ?» ብለው ሲጮኹባቸው፣ «ሐኪሙ ሥራ በዝቶበታል፤ እኔ ደግሞ ምን ልጨምርበት?» ነበር መልሳቸው።

እህታቸው እስከ ዛሬ የምትናደደው በዚህ ነው። በወንድሟ ትናደዳለች፤ ቁጥሩን ጽፎ ሰውየውን ቀና ብሎ ባላየው ሐኪምም ትናደዳለች። ወንድ ልጃቸው በተመረቀበት ቀን አባቱ አልጋ ላይ ነበሩ። የሚያድናቸው ባይሆን እንኳ የሚያሳርፋቸው ነገር በዚያው ከተማ ውስጥ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ሌላ ሐኪም ሙከራው እንዲደገም ፈቀዱ። አሁን ባለቤታቸው አብረው ገቡና «ዶክተር፣ እሱን ቁጥር አይጠይቁት፤ ጫማህን እሰር ይበሉት» አሉ። ከመርፌው በፊት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው ጉልበታቸውን ሳያልፍ ላብ አጠመቃቸው። ከመርፌው በኋላ ሁለቱንም ጫማ አሰሩ፤ ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። ፓምፑ ተቀበረላቸው።

ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ መድኃኒቱም በየጥቂት ወሩ በመርፌ መሞላት ነበረበት። ሆኖም ሴት ልጃቸውን ቆመው ዳሩ፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው አስተኙ፣ ለወጣት መስታወት ገጣሚዎችም ልኬት እያሳዩ ያበሳጯቸው ነበር።

ባደረባቸው የልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸውና እህታቸው በእጅጉ አዝነዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለወዳጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ቤተሰቡ አንድ ልመና አለው። ይህ ሲነበብ ወገቡን ወይም ጉልበቱን እያመመው ለክብራቸው ብሎ የቆመ ካለ፣ እባካችሁ ይቀመጥ። ወንበር አለ፤ ማንም አይቀየምም።